የአያ አስማረ ደጅ አስተርጓሚ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው የመኪናውን መስኮት መዝጋት ነው። ብርዳችን እንግዳ ለመቀበል ማንንም አይጠብቅም። መስኮቱን ከዘጋ በኋላ "ይሄ ምን የሚባል ከተማ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌ ካጋጠመው በድሮ ስሟ "ቆሰበር" ይለዋል፤ ተማሪ ካጋጠመው "እንጅባራ" ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ በሱቄ በረንዳ ላይ ስሰማ ኖሬአለሁ። ድሮ የሚጠይቁት ሻይ ጠጥተው ሊያልፉ ነበር። አሁን የሚጠይቁት አልጋ ይዘው፣ ጫማ ቀይረው፣ ካሜራ አንግተው ነው። እኛ ጉም ብለን የምናማርረውን እነሱ ቆመው ፎቶ ያነሡታል፤ እኛ ብርድ የምንለውን "ንጹሕ አየር" ይሉታል። ዘንገናን አይተው ሲመለሱ ፊታቸውን ሳይ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ሐይቁን እኔ የቆፈርኩት ይመስል ደረቴ ይነፋል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ባጃጅ ተሳፍረህ ወሬህን ሳትጨርስ ታልቃለች። ግን ሰው አስቦባት ሊያያት የሚመጣ ከተማ ሆናለች፤ ይህም እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ደክመው ካመጡት ሰዎች መካከል የአንዱን ነገር ነው የማጫውታችሁ።

ብሥራት ይባላል፤ አስጎብኚ ነው። ዕድሜው አርባ አምስት ዓመት ገደማ ነው፤ ረጅም፣ ቀይ ኮፍያ የማይለየው፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው። ከዚህ በፊት በዳንግላና በእንጅባራ መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነበር። ረዳት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ "አላውቅም" የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ መኪናው መቼ እንደሚነሣ ሾፌሩ ራሱ ሳያውቅ እሱ "አሁን ነው!" ይላል። ተወልዶ ያደገው ዳንግላ ነው። ወላጆቹ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ስለነበር እሱም ከአማርኛ ሌላ አያውቅም። የሚያስጎበኘው አገር ደግሞ ከከተማው ወጣ ሲሉ ሰዉ ሁሉ አዊኛ የሚያወራበት አገር ነው።

የከተማው አስጎብኚዎች እንግዳ የሚጠብቁት በሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነው። እያንዳንዱ የራሱ መስመር አለው፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። የብሥራት መስመር ከሁሉም የተመረጠ ነበር። እንግዶቹን ሐይቁን ያዞርና ከሐይቁ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ይዟቸው ይወጣል፤ እዚያ አያ አስማረ አሉ።

አያ አስማረ ሰባ አምስትን ያለፉ ገበሬ ናቸው። ከባለቤታቸው ከእማማ ሸጋ ጋር ሰፊ የቀርቀሃ ደን ባለው ግቢያቸው ይኖራሉ። ቀርቀሃ ሰንጥቀው ቀፎ ይሠራሉ፣ ቅርጫት ይሠራሉ፣ አጥር ያጥራሉ። ቢላዋቸው ቀርቀሃው ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ዳገቱን ይረሳዋል። እንግዳ ሲመጣ ይነሣሉ፣ ቆመው በአዊኛ ረዘም ያለ ንግግር ያደርጋሉ፤ ብሥራት ይተረጉማል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆኖ ቆየ።

ጉዱ ግን ብሥራት ከሚሉት አንዲት ቃል እንኳ አይሰማም ነበር።

በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ ውሸቱ የተጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው። እንግዶቹ "ምን አሉ?" ብለው ዞረው አዩት። አላውቅም እንዳይል ደረቱ ላይ የአስጎብኚ ባጅ ተንጠልጥሏል። "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ይህ ቀርቀሃ የሰባት ትውልድ አደራ ነው ብለዋል" አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! በሦስተኛው ዓመት ከዚያ ደን ለአንድ ንጉሥ ድንኳን ምሰሶ ተቆረጠ። በአምስተኛው ዓመት ንጉሡ ራሱ መጥቶ ሦስት ቀን አደረ፤ ሲለይም አለቀሰ። "የትኛው ንጉሥ?" ብሎ የሚያፋጥጠው እንግዳ ሲመጣ "በዚህ ግቢ ስሙን መጥራት ነውር ነው" ይላል። እኔም ከኃጢአቱ ድርሻ አለኝ። ለእንግዶች የሚታደለውን ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ንጉሡ ያለቀሰበትን ዓረፍተ ነገር በደማቅ ፊደል ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ብሥራት እንዲህ የሚደፍረው አያ አስማረ አማርኛ አይሰሙም ብሎ ስላሰበ ነበር። እስቲ አስቡት! ስድሳ ዓመት ገበያ የወጣ፣ ለመሬቱ የተሟገተ፣ ሰባት ልጅ ትምህርት ቤት ያስመዘገበ ሰው አማርኛ አይሰማም? እንዲህ ዓይነቱን ስህተት የምንሠራው እኛ የከተማ ሰዎች ብቻ ነን። ገበሬው ሁለት ቋንቋ ይዞልን ይመጣል፤ እኛ አንዱን ሰምተን ሌላውን እንዳልነበረ እንቆጥራለን። ይህን የምለው ብሥራትን ለመውቀስ አይደለም። እኔም እዚህ ስኖር ቅቤ የገዛሁት፣ ድንች የገዛሁት፣ ለቅሶ ደርሼ የተጽናናሁትና ያጽናናሁት ሁሉ እነሱ ወደ እኔ ቋንቋ እየመጡልኝ ነው። ሳስበው አፍራለሁ።

ግንቦት ላይ ነው ነገሩ የፈነዳው። ዝናብ ጀምሯል፤ እንግዶቹ ጨዋታውን ጨርሰው ወደ መኪናቸው ወርደዋል። ብሥራት የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ ሲመለስ ግቢው በር ላይ አንሸራተተውና ጭቃው ላይ ተዘረጋ። አያ አስማረ መጡና ብብቱን ይዘው አነሡት።

"አይዞህ ልጄ። ወገብህን ተጎዳህ እንዴ?" አሉት በጠራ አማርኛ።

"የለም አባቴ፣ ደህና ነኝ" አለና ጭቃውን ማራገፍ ጀመረ። እጁ ሱሪው ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቀረ።

"እንዲያው ለመሆኑ" አሉ አያ አስማረ፣ "ያንን ንጉሥ ምን አገኘውና ነው የሚያለቅሰው?"

ብሥራት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ ነው የሚለው። እንደምንም አፉን ከፍቶ "ይሰማሉ እንዴ?" አላቸው።

"እሰማለሁ እንጂ! መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ውሸትህ እያማረ ሄደ። ቅዳሜ ማታ ከሸጋ ጋር ሆነን፣ በሚቀጥለው ደግሞ ምን ያመጣ ይሆን እያልን እንስቅ ነበር።" ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። "አንድ ነገር ግን አላሳቀኝም። እኔ በየክረምቱ ለእንግዶችህ የምለው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? 'ቡቃያውን አትርገጡብኝ' ነው። ከመሬት ብቅ ያለ የቀርቀሃ ቡቃያ አንዴ ከተረገጠ አለቀለት። እኔ እለምናለሁ፤ አንተ 'እየመረቋችሁ ነው' ትላለህ፤ እነሱ ደስ ብሏቸው እየረገጡ ይገባሉ።"

ብሥራት አንገቱን ደፋ። ለምን አንድ ቀን በአማርኛ እንዳልተናገሩ ጠየቃቸው፤ ጥያቄው በደንብ ካፉ ሳይወጣ መልሱን አገኘ።

"ገበያ ስወጣ በአንተ ቋንቋ ተናገርኩ። ፍርድ ቤት ስቆም በአንተ ቋንቋ ተናገርኩ። ለልጆቼ አስተማሪ በአንተ ቋንቋ ተናገርኩ። በገዛ ደጄ ግን በአባቴ ቋንቋ እናገራለሁ።"

ቁርጡንም ነገሩት። እስከ ጥር ጊዜ ሰጥተውታል። በጥር እንግዳ ይዞ ሲመጣ እርሳቸው የተናገሩትን በትክክል ይተረጉማል። ካልቻለ፣ በአዊኛ አፏን የፈታች አንዲት የሻረግ የምትባል ወጣት አስጎብኚ አለች፤ ግቢው ለእሷ ይሆናል፣ እሱም ሁለተኛ በዚያ በር አይገባም። ለማንም አልናገርብህም አሉት። ይህን ማለታቸው ከሁሉ የከፋው ነበር፤ ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ያን ቀን ከነጭቃው በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። እኔ ሳቅሁ፤ ሳቄን ስጨርስ እሱ እያለቀሰ እንደሆነ አየሁ። ስድስት ዓመት የኖረበት እንጀራ ነው፤ ሰው ፊት የቆመበት ስሙ ነው። "እማራለሁ" አለ። አርባ አምስት ዓመት ሆኖህ? ልለው ፈለግሁና ዋጥኩት።

አያ አስማረ ራሳቸው ሊያስተምሩት ፈቀዱ፤ የሚያስተምሩት ግን እንደ ትምህርት ቤት አልነበረም። ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ቢሄድ እማማ ሸጋ ተቀብለው መደርደሪያ ላይ አኖሩበት። የአያ አስማረ ሕግ አንድ ነው፤ ያልሠራኸውን ነገር ስሙን አትማርም። ቢላዋ የሚለውን ቃል ያገኘው ቢላዋውን ስሎ ነው። መሰንጠቅ የሚለውን ያገኘው የቆሰለ አውራ ጣቱን አስሮ ነው። ጭነት፣ ኮርቻ፣ ልጓም የሚሉትን ያገኘው ፈረሳቸው ሁለት ጊዜ ከጣለው በኋላ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ዳገቱን እየወጣ፣ በዝናብ ድንች እያረመ፣ ጎርፍ መውረጃ እየቆፈረ ይማራል። አንድን ነገር ሠርቶ ሲጨርስ አያ አስማረ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ይነግሩታል። ከረሳው እንደገና መሥራት ነው።

እንዲህ ሆኖ የተማረው ቋንቋ ጉደኛ ነበር። ስለ ላም በሽታ ግማሽ ቀን ማውራት ይችላል፤ "ስልክህን ስጠኝ" ማለት ግን አይችልም። አንድ ቀን ባንክ ቤት ውስጥ አንዲት አዊኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ሲያገኝ ደስ ብሎት ሰላምታ ሰጣት። ልጅቱ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ለካ የሰጣት ሰላምታ ከእርሻ በሬዎቹን ፈትቶ ለሚመጣ ሰው የሚሰጠው ነበር። የሻረግ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብላ አነጋገሩን ታርምለት ነበር። እስክትታመም ትስቅበታለች፤ ቀጥላ ደግሞ "እንደገና በለው" ትለዋለች። እሱ ቢወድቅ ግቢው ለእሷ እንደሚሆን ታውቃለች። አንድ ቀን ይህንኑ ብጠይቃት ገላመጠችኝና "እንዲህ አድርጌ አልወስደውም" አለችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጆች ያሏት ከተማ ናት የእኛ ከተማ።

ነሐሴ ላይ ብሥራት ተስፋ ቆረጠ። ዝናቡ አላቋርጥ አለ፣ እንግዳም ጠፋ፣ ቃሉም ከራሱ ውስጥ እየፈሰሰ አስቸገረው። አያ አስማረና እማማ ሸጋ እርስ በርስ ሲያወሩ አሁንም አንድ ነገር አይገባውም። "ምላሴ ደርቋል፤ ግቢውን ለየሻረግ ይስጧት" አለኝና አሥር ቀን ሙሉ ዳገቱን ሳይወጣ ቀረ። ብመክረው አልሰማ አለ። እኔም ተናደድኩና ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

አሥራ አንደኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። እማማ ሸጋ ጎመን ሸጠው ሲመለሱ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ዘንቢላቸውን አስቀመጡና በአዊኛ ጀመሩት። ጣታቸውን አፍንጫው ሥር እያወናጨፉ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እስኪሰማ ድረስ አወረዱበት። እኔ ምንም ስላልገባኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። ብሥራት ግን ቀስ እያለ ፊቱ በራ።

"ላሚቱ ልትወልድ ነው!" አለኝ እጄን ይዞ። "እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ጥጃ እየሳብን እንሙት ወይ? አንተ እዚህ እንደ ሹም ተጎልተሃል! ነው የሚሉኝ። ሁሉንም ሰማሁት! አንድም አላመለጠኝም!" ተሰድቦ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። ዘንቢላቸውን ተሸክሞላቸው አብሯቸው ወጣ። ጥጃዋም በሰላም ተወለደች። ማዋለድ የሚለውንም ቃል አገኘ።

ጥር ደረሰ። ሰማዩ ጠራ፣ ገብሱ ታጨደ፣ አልጋ ቤቶቹ ሞሉ። ከአዲስ አበባ ሃያ ያህል ተራራ ወጪዎች በሁለት ሚኒባስ መጡና የብሥራት ተራ ሆነ። እኔ ሱቄን ዘጋሁ፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከበዓል ቀን ውጪ ስዘጋ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የሻረግም አብራን ወጣች። ብሥራት መንገዱን ሙሉ ለብቻው የአዊኛ ቃላት ያጉተመትም ነበር። ሐይቁ ዳር ቆመው እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ እንኳ "ይህ ዘንገና ነው" ብሎ ብቻ አለፈ።

አያ አስማረ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። የእንግዶቹን እጅ አንድ በአንድ ጨብጠው ንግግራቸውን ጀመሩ። ትንሽ ይናገሩና ቆም ይላሉ፤ ብሥራት ይቀበላል።

"እንኳን ደኅና መጣችሁ ይላሉ። የመጨረሻው ሰው በሩን ይዝጋ፤ ጥጃዋ ትወጣለች ይላሉ።" አንድ ጎረምሳ ሮጦ ሄዶ ዘጋ። "ቀርቀሃ እንደ ሰው ነው፣ ዕድሜው ይታያል ይላሉ። የአንድ ዓመቱ ለዓይን ያምራል፤ ውስጡ ግን ውሃ ነው፣ ብትቆርጠው ነቀዝ ይበላዋል። ሦስት ዓመት የሞላው ነጭ ነጭ ጣል ያደርግበታል፤ እሱ ነው ለሥራ የሚሆነው። ይህን ደን የተከሉት አባታቸው ናቸው።" ከዚያ ትንሽ ቆም ብሎ ራሱ ጨመረበት፦ "ንጉሥ መጥቶበት አያውቅም።"

እንግዶቹ ይህ የመጨረሻው ነገር ከየት እንደመጣ አልገባቸውም። አያ አስማረ ግን ጢማቸውን ዳበስ ሲያደርጉ አየሁ። የሻረግ ከጎኔ ቆማ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትመዝነዋለች። ፊቷን እያየሁ ነው ትክክል መሆኑን ያወቅሁት። አንድም ጊዜ አልተኮሳተረችም። ልቤ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። እኔ ምን ሠርቼ እንደኮራሁ አላውቅም፤ ግን ኮራሁ።

እንግዲህ አለቀ ብለን ልንወርድ ስንል ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ጥያቄ አለኝ አለች። "ቋንቋውን ወጣቶቹ ይናገሩታል? ወይስ እየጠፋ ነው?"

ብሥራት ጥያቄውን ወደ አዊኛ አዞረ። አያ አስማረ ደጅ ካለ ባዶ ቀፎ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለው በዝግታ መናገር ጀመሩ። የሻረግ ከንፈሯን ማንቀሳቀሷን ተወች። እማማ ሸጋ ከቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አያ አስማረ ጨረሱ።

"ምን አሉ?" አለች ሴትየዋ።

ብሥራት የሻረግን አያት፤ ተርጉሚልኝ ማለቱ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። አያ አስማረም ሴትየዋ ያለችውን አሳምረው ሰምተዋል፤ ግን አላገዙትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

"እንዲህ ይላሉ" አለ ብሥራት በመጨረሻ። "ሰባት ልጆች አሳድጌአለሁ። ሁሉም ደኅና ቦታ ደርሰዋል፣ ተመስገን። ስልክ ሲደውሉልኝ ግን በአማርኛ ነው። የልጅ ልጆቼ የእኔን ቋንቋ ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔና ሸጋ ስንሞት በዚህ ግቢ የሚያወራው አይኖርም ብዬ አዝኜ ተቀምጬ ነበር።" ኮፍያውን ዝቅ አደረገ። "ከዚያ አንድ ውሸታም ሰው መጣ ይላሉ። ውሸታም ነበር፣ ሰነፍም ነበር ይላሉ። ይህ ሰው አገውም አይደለም። በዚህ ዕድሜው ጭቃ ላይ እየወደቀ፣ እጁን እየቆረጠ፣ ሰው እየሳቀበት ተማረው። አሁን ጠዋት ሲመጣ ከውጭ በአባቴ ቋንቋ ይጠራኛል። ስንት ልጅ አለህ ብትሉኝ ስምንት ነው የምላችሁ ይላሉ።"

አንዳንዶቹ እንግዶች ዓይናቸውን ያብሳሉ። ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች።

"ሰውየው የት ነው ያለው?" አለች። "እባክህ ልናገኘው እንችላለን?"

ብሥራት ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

"እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ወደ አያ አስማረ ዞረና ያንኑ በአዊኛ ደገመላቸው።